የፎቅ ቤት ዋጋ ከምድር ቤቱ ይጀምራል



ከመስቀል ፍላወር ተነሥቶ በኦሎምፒያና በደምበል በኩል ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አልፎ እስከ ካዛንቺስ በእግሩ የሚሄድ ሰው ቀና ብሎ ቢመለከት፣ ከተማችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል ወደ ላይ እንደ ተመዘዘች ይረዳል። መስተዋት የለበሰው፣ በአልሙኒየም የተሸፈነው፣ ገና በአርማታው ላይ ያለው ሁሉ እየተሽቀዳደመ ይታያል። እኔ ግን በዛሬው ጽሑፌ አንባቢን የምለምነው ቀና እንዲል ሳይሆን ዓይኑን ወደ ምድር ቤቱ ዝቅ እንዲያደርግልኝ ነው። (ምድር ቤት ስል ከመንገዱ ጋር የተስተካከለውን፣ አከራይና ተከራይ ‹‹ግራውንድ›› የሚሉትን ወለል ማለቴ ነው እንጂ መኪና የሚቆምበትን ከመሬት በታች ያለውን ክፍል አይደለም።) በዚያ ወለል ላይ በብዛት የሚታየው አንድ የባንክ ቅርንጫፍ፣ ከርሱ ቀጥሎ የሌላ ባንክ ቅርንጫፍ፣ ቀጥሎም የመኪና መግቢያ፣ የብረት አጥርና የዘበኛ ቤት ነው። ቁልፍ የሚቀርጸው፣ ጫማ የሚጠግነው፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጠው፣ ልብስ የሚሰፋው ሰው በሕንፃው ጀርባ ወይም በሦስተኛው ፎቅ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ካልተገኘ ከነአካቴው የለም።

የንግድ ምክር ቤት ጋዜጣ ስለ ሕንፃ አሠራር ምን አገባው የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። አሥረኛው ፎቅ ለባለቤቱ ኪራይ ያመጣለታል፤ ምድር ቤቱ ግን ለመንገዱ ሁሉ ገበያ ያመጣል ወይም ይነሣል። አላፊ አግዳሚውን የሚያቆመው የሱቅ መስኮት ነውና፣ አንድ ሕንፃ በአርባና በሃምሳ ሜትር ርዝመት መስኮት ሳይሆን ግድግዳና አጥር ቢያሳየው ሰውየው እርምጃውን ያፈጥናል፤ ከሕንፃው ባሻገር ያለው ሱቅም ደንበኛውን አብሮ ያጣል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ እንዳልነበረ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ።

የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል የማዕከላዊ ባንክነትንና ለነጋዴው የማበደርን ተግባር አጣምሮ ከቆየ በኋላ፣ በ1956 ዓ.ም. ሥራው ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተባለ። ይህ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤቱ እንዲሆን ያሠራው፣ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም ሳይርቅ የሚገኘውና ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ያቀደው ክብ ሕንፃ ነው። ሾሜት ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበረም። በጠላት ወረራ ዘመን ለሲኒማ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረውን ቤት ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ወደ ቴአትርነት የለወጠው እርሱ ነው፤ በፊት ለፊቱ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ያነጸው ደግሞ የአገሩ ሰው ሞሪስ ካልካ ነው።

ስለ ክቡ ሕንፃ ውበት መናገር የባለሙያ ድርሻ ነው። ለእኛ ለነጋዴዎች የሚጠቅመው ቁም ነገር ሌላ ነው። ሾሜት የሕንፃውን መካከል፣ ማለትም ከሁሉ የሚበልጠውንና ከሁሉ ያማረውን ስፍራ፣ ለዲሬክተሮች ሳይሆን ቼክ ይዞ ለሚመጣው ደንበኛ አዳራሽ አድርጎ ሰጠው። የቡና ላኪውም የበርበሬ ነጋዴውም በዚያ ጣራ ሥር ተራውን ሲጠብቅ ቤቱ የርሱ እንደ ሆነ ይሰማዋል። የባንክ ቤት ክብር ከደንበኛው ክብር ተለይቶ አልታየም ነበር ለማለት ነው።

ከዚሁ ክብ ሕንፃ አጠገብ ዛሬ ሌላ ቤት ቆሟል። ባንኩ በ2007 ዓ.ም. ለቻይና ስቴት ኮንስትራክሽን ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሰጥቶ ያስጀመረውና የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ይረዝማል፤ በተመረቀበት ጊዜም በምሥራቅ አፍሪካ ከርሱ የሚረዝም አልነበረም። በአካባቢውም የአዋሽ፣ የንብ፣ የኅብረትና የዘመን ባንኮች ሕንፃዎች፣ በስታዲየሙ በኩል ደግሞ የወጋገን ባንክ ሕንፃ ተሰልፈዋል። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ትውልድ ውስጥ መሠራቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ምስጋናውንም አልነፍግም። ነገር ግን ሁለቱን የንግድ ባንክ ቤቶች ጎን ለጎን የሚያይ ሰው አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል፤ ባንኮቻችን ከክቡ ሕንፃ ምን ተማሩ? ቁመትን ከሌላ ከተማ መማር ይቻላል፤ መካከሉን ለደንበኛ መስጠትን ግን ከዚሁ ከደጃችን መማር ይቻል ነበር።

ስለ ሌሎች ከተሞች ካነሣን ዘንድ፣ የመሥሪያ ቤት ሰማይ ጠቀስ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ከያዘባት ከኒው ዮርክ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1952 የሳሙና ፋብሪካው የሌቨር ወንድማማች ኩባንያ በፓርክ አቬኑ ላይ 24 ፎቅ ያለው፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መስተዋት የለበሰ ቤት ሠራ። አርክቴክቱ ጎርደን በንሻፍት ምድር ቤቱን ከሞላ ጎደል በዓምዶች ላይ አንሥቶ ሕዝብ እንዲተላለፍበት ክፍት አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ በዚያው መንገድ ማዶ የመጠጥ ኩባንያው የሲግራም 38 ፎቅ ቤት ተጠናቀቀ፤ ሚስ ቫን ደር ሮኸ ያቀደው ይህ ሕንፃ ከመንገዱ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ በፊቱ ሰፊ አደባባይ ተወ። ከተማው በነገሩ ተደስቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ደንብ፣ በደጁ አደባባይ ለሚተው ባለ ሕንፃ ተጨማሪ ፎቅ የመሥራት መብት ሰጠ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኛ ትምህርት ነው። ባለ ሕንፃዎቹ ተጨማሪውን ፎቅ ወሰዱ፤ አደባባዩን ግን መቀመጫ የሌለው፣ ሱቅ የማይታይበት፣ ሰው የሚሸሸው ባዶ ድንጋይ አድርገው ተዉት። ዊልያም ዋይት የተባለ ተመራማሪ ሰዎች በየአደባባዩ የት እንደሚቀመጡና ከየት እንደሚሸሹ በፊልም እያነሣ ካጠና በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ደንቡ ታርሞ መቀመጫና ሌላም ለሕዝብ የሚጠቅም ነገር እንዲኖር ተደረገ። እንግዲህ ረጅሙን ቤት የፈለሰፉት ሰዎች እንኳ ምድር ቤቱን ችላ በማለታቸው ከዐሥር ዓመት በላይ ከስረው ነው የተማሩት። እኛ ግን ይህን ትምህርት ያለ ክፍያ ልናገኘው እንችላለን። (የሌቨር ቤት በበኩሉ ሊፈርስ ነው ሲባል ብዙ ክርክር ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1982 በከተማው ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዛሬም ይከራያል፤ ይሠራበታል።)

ወደ አገራችን ልመለስና፣ ለምድር ቤቶቻችን መበላሸት ምክንያቱ የአርክቴክቶች አለማወቅ ብቻ ነው ብል ሐሰት እናገራለሁ። ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ የዚህ ጋዜጣ አንባብያን ቋንቋ ነውና በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ሲታወጅ፣ በብሔራዊ ቴአትርና በአምባሳደር ዙሪያ፣ በፒያሳም፣ ፎቅ ያሠሩ ሰዎች ንብረታቸውን በአንድ ቀን አጡ። ኪራዩ በወር ከ100 ብር በላይ የነበረው ቤት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ከዚያ በታች የነበረው ለቀበሌ ተላለፈ። ግፉን ማንም አይክደውም፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ገንዘቡን በፎቅ ቤት ላይ ለማፍሰስ የደፈረ ሰው አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ዘመን የምድር ቤቱ ኪራይ ባለበት ስለ ቆመ፣ ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ አንሺውና ሰዓት ጠጋኙ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፉ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ሊቆዩ ቻሉ። ክፉው አዋጅ ያልታሰበ ጥቅም አመጣ፤ እንዲህ ያለው ነገር በንግድ ታሪክ ውስጥ አልፎ አልፎ ያጋጥማል።

በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ እንዲቋቋም ከተፈቀደ ወዲህ ደግሞ ሌላ ዘመን መጣ። ባንኮቹ ተቀማጭ ለመሰብሰብ በየመንገዱ ቅርንጫፍ መክፈት ነበረባቸው። በሌላ በኩል ፎቅ ቤት የጀመረ ሰው፣ የሊዙን ክፍያ ከፍሎ፣ የብረቱና የሲሚንቶው ዋጋ በየወሩ እየጨመረበት፣ አርማታውን አቁሞ መጨረሻው ይጠፋበታል። በዚህ ጊዜ ባንክ መጥቶ ‹‹ምድር ቤቱን ሙሉውን ስጠኝ፤ የብዙ ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ልክፈልህ›› ይለዋል። ባለ ሕንፃው በዚያ ገንዘብ መስተዋቱን ያስገጥማል፤ ሊፍቱን ያስመጣል። ማን ይፈርድበታል? እኔም በቦታው ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። ሁሉም ባለ ሕንፃ በየግሉ ትክክለኛውን ሲያደርግ ግን መንገዱ በሞላ በመስተዋት የታሸገ ባንኮኒ ይሆናል፤ ምሽት ሲሆንም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዘጋና አካባቢው ይጨልማል።

በመስቀል ፍላወር አካባቢ ብዙ ዓመት የጽሕፈት ዕቃ ሲሸጡና ጽሑፍ ሲያባዙ የኖሩ አንድ ወዳጅ አሉኝ። የነበሩበት ቤት ፈርሶ በቦታው ፎቅ ሲሠራ ባለቤቱ ቃሉን ጠብቆ በአዲሱ ሕንፃ ሱቅ ሰጣቸው፤ ምድር ቤቱን ግን አንድ ባንክ አስቀድሞ ስለ ያዘው የደረሳቸው ሦስተኛው ፎቅ ነው። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ‹‹ጋሼ፣ ሥራው እንዴት ነው?›› ብላቸው፣ ‹‹ልጄ፣ ዱሮ ሰው ዝናብ ሲሸሽ ገብቶ እንኳ እስክሪብቶ ይገዛኝ ነበር፤ አሁን እኔን ፈልጎ ካልመጣ በቀር ማን ያገኘኛል? ሊፍቱ በቆመ ቀን ደግሞ ፈልጎም አይመጣ›› አሉኝ። ኪራያቸው ከምድር ቤቱ ያነሰ ነው፤ ገበያቸው ግን ከኪራዩ ይልቅ ቀንሷል። እኒህ ሰው ሠራተኞች ነበሯቸው፤ ዛሬ ብቻቸውን ይቀመጣሉ።

በዚህ ላይ የካዛንቺስን ነገር እንጨምር። ስሙ ራሱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ‹‹ካዜ ኢንቺስ›› ከሚባሉት መኖሪያ ቤቶች የመጣ ነው። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለኮሪደር ልማቱ ሥራ በብዛት ፈርሶ፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶና አዲስ ቦታ ተከፍቶ ይገኛል። የእግረኛ መንገድ መስፋቱን ነጋዴ ሊቃወመው አይችልም፤ ለሱቅ ከእግረኛ የበለጠ ሀብት የለምና። ነገር ግን መንገዱ ሰፍቶ በዳሩ የሚቆመው ሕንፃ ሁሉ አጥርና የባንክ በር ብቻ ቢያሳይ፣ ያ ያማረ ንጣፍ የሚያገለግለው ለማን ነው? በተለይም በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ አገር ባንኮች በር ስለ ከፈተ፣ የዋና መሥሪያ ቤትና የቅርንጫፍ ቦታ ፈላጊው ወደፊት ይበዛል እንጂ አያንስም ብዬ እገምታለሁ።

አሮጌውን ሕንፃ አድሶ መጠቀም አይቻልም የሚለውን ወሬ ግን ያው ካዛንቺስ ራሱ አፍርሶታል። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ አቅዶት በ18 ወር ውስጥ የተሠራውና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመበት ቤት ነው። የተባበሩት መንግሥታት 57 ሚሊዮን ዶላር ያህል መድቦ፣ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ሜትር ካሬ የመስተዋት ሥዕል ጭምር አሳድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ከፍቶታል። በዚያው ወቅት ከቅጥሩ ውጭ ሰፈሩ ይፈርስ ነበር። የግል ባለ ሕንፃ የዚያን ያህል ገንዘብ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ሆኖም በ1950ዎቹ የተሠሩት የንግድ ቤቶች አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክና የሊፍት ጥገና ነው እንጂ እንደ አዳራሹ ያለ ሥራ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅም እነርሱን ለመመዝገብ አያንስም።

የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። በዋና መንገድ ላይ ለሚሠራ ፎቅ ቤት የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት ካለው የምድር ቤት ግንባር ቢያንስ ግማሹ በቀጥታ ወደ እግረኛ መንገዱ በር ላላቸው ትናንሽ ሱቆች እንዲውል የሚያስገድድ ደንብ ይውጣ። ባንኩ አይከልከል፤ በመንገዱ ላይ ጠባብ በር ይኑረውና ሰፊው አዳራሹ ከሱቆቹ በስተጀርባ ወይም አንደኛ ፎቅ ላይ ይሁን። ደንበኛው ዛሬ አብዛኛውን ክፍያ በእጁ ስልክ የሚፈጽም ሲሆን፣ የባንኮኒ ርዝመት በመንገድ ዳር የሚለካበት ምክንያት አይታየኝም።

‹‹የጥበቃው ነገርስ?›› የሚሉ አሉ። ጥበቃ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ፈታሹ በሊፍቱ በር ቢቆም ፎቁን ይጠብቃል፤ በእግረኛ መንገዱ ዳር ሲቆም ግን የሚያባርረው ገዢውን ነው።

ደንብ ብቻውን ግን ባለ ሕንፃውን አያሳምነውም፤ ቅድመ ክፍያውን ከየት ያምጣ? ምክር ቤታችን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንድ ባንክ ለአንድ ምድር ቤት በቅድሚያ የሚከፍለውን ገንዘብ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ነጋዴዎች ተባብረው ቢያዋጡ፣ ወይም የረጅም ጊዜ የኪራይ ውላቸውን መያዣ አድርገው ቢበደሩ፣ ባለ ሕንፃው የሚጎድልበት ነገር የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው በሕግ የጸና፣ አከራዩ በየዓመቱ እንደ ልቡ የማይለውጠውና ለአበዳሪ የሚታመን አንድ ዓይነት ውል ነው። እንዲህ ያለውን ውል አርቅቆ ለአባሎቹ ማቅረብ፣ ከባንኮችም ጋር መነጋገር ከምክር ቤቱ አቅም በላይ አይደለም። አበዳሪዎቹ ባንኮች ራሳቸው መሆናቸው ያስቃል የሚል ቢኖር፣ ባንክ የሚያተርፈው የሱቁን ቦታ ሲይዝ ሳይሆን ለባለ ሱቁ ሲያበድር መሆኑን አስታውሰዋለሁ።

በካዛንቺስ በተከፈቱት ቦታዎች ላይ የሚቆሙት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ገና በወረቀት ላይ ናቸው። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ የምድር ቤት ግድግዳ አፍርሶ የሱቅ በር ማውጣት የቱን ያህል እንደሚያስወጣ ሞክሮ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ የምክር ቤታችን የሥራ አመራር በሚቀጥለው ስብሰባው ጉዳዩን በአጀንዳ ይዞ፣ ለከተማው አስተዳደር የሚቀርበውን ማመልከቻ የሚያዘጋጁ ከነጋዴዎች፣ ከባለ ሕንፃዎችና ከባንኮች የተውጣጡ ጥቂት ሰዎች እንዲመርጥ በአክብሮት አሳስባለሁ። ወዳጄ የጽሕፈት ዕቃ ነጋዴውም ቢጠሩ ከሦስተኛ ፎቅ ወርደው እንደሚመጡ ነግረውኛል።